ያውቁ ኖሯል? ከአፈር የወጣ ጠርሙስ

ከመሬት ተቆፍሮ በወጣ አሮጌ ጠርሙስ ላይ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? ብርጭቆው ራሱ ነው የተበላው። እርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲቀመጥ ውሃው ከገጹ ላይ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን ቀስ በቀስ ያጥበዋል፤ የሚቀረው ሲሊካ የበዛበት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነባበረ ስስ ቅርፊት ነው። ሰብሳቢዎች ጠርሙሱ «ታሟል» ይላሉ። ለዚህ ሕመም ሳሙና ምንም አይፈይድም።

አቼቶ የሚያለቅቀው የኖራ እድፍ ነው። ለዝገት ሲትሪክ አሲድ ይሻላል። በሁለቱም ታጥቦ፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጥርት ብሎ፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ የሚደበዝዝ ከሆነ ነገሩ ሕመም ነው። ውሃው በገጹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ስለሚሞላ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ዘይትም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመድረቁ ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ጠርሙሱን ዘይት ቀብቶ ያቀርበዋል። ገዢ ሆይ፣ ከመክፈልዎ በፊት በጣትዎ አሸት ያድርጉት!

የታመመውን የሚያጠራ ማሽን አለ። ጠርሙሱ በርሜል ውስጥ ታስሮ፣ ከተቆራረጠ የመዳብ ሽቦ፣ ከውሃና ከማለስለሻ ዱቄት ጋር ለቀናት ይሽከረከራል። መዳብ የተመረጠው ከብርጭቆ ስለሚለሰልስ ነው። ማሽኑ ግን የተበላውን ገጽ ፍቆ ይጥላል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ ካልተጠነቀቁበት በጠርሙሱ ላይ በጉልህ የወጣውን ጽሑፍም ያደበዝዛል።

ደግሞስ ሁሉም ጭጋግ መወገድ አለበት ያለው ማን ነው? በጥንት የሮማ ብርጭቆዎች ላይ ያ ቅርፊት የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። አሜሪካዊው ሉዊስ ኮምፎርት ቲፋኒ በዚያ ቀለም ተማርኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «ፋቭሪል» የተባለውን ብርጭቆውን ሠራ። ሌላው ፈትጎ የሚያስወግደውን እሱ ሆን ብሎ ሠርቶ ሸጠው። የእኔን ፍርድ ከፈለጉ፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ያለውን ጠርሙስ አይንኩት።

ጠባብ አንገት ያለው ጠርሙስ ውስጡ በምን ይጸዳል? ጥቂት ሩዝና ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ጨምሮ መናጥ ነው። አሸዋና ጠጠር ይጭራሉ። የፈላ ውሃማ አይታሰብ፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ድንገት ሲሞቅ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይለጠጥና ይሰነጠቃል፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ነው።

በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣስ ያውቃሉ? ከዚያም የከፋው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ብርጭቆን የሚያሟሟ በመሆኑ ጭጋጉን ይገፍፋል፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ያስራል፣ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ለአንድ ጠርሙስ ብሎ ቤት ውስጥ የሚሞክረው ሰው አእምሮው ይመርመር።

ከታጠበ በኋላ ዕድሜውን ማንበብ ይቻላል። የቅርጹ መገጣጠሚያ መስመር ከጎኑ ተነስቶ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከዘለቀ፣ ጠርሙሱ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ማይክል ኦውንስ ጠርሙስን ከነአፉ የሚሠራ ማሽን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1903 አካባቢ ነው። አንገቱ ውስጥ የብርጭቆ ብይ የሚንከባለልበት ከሆነ እንግሊዛዊው ሃይረም ኮድ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ያወጣው የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ጋዙ ብዩን ወደ ላይ ገፍቶ አፉን ይዘጋበታል። ልጆች ብዩን ለማውጣት ጠርሙሱን ይሰብሩት ስለነበር ዛሬ ሙሉውን ማግኘት ዕድል ይጠይቃል።

የኮካ ኮላ ጠርሙስስ? እ.ኤ.አ. በ1915 ቅርጹ ሲወጣ የቀረበው ጥያቄ በጨለማ በመዳሰስ ብቻ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቆም ቢሆን የሚታወቅ ይሁን የሚል ነበር። ቆፋሪዎች ይመስክሩ!

ብርጭቆ ወደ እኛ አገር የገባው ከለስላሳ መጠጥ ብዙ ቀድሞ ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ በአዱሊስ ወደብ ይራገፉ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል የግብፅ ብርጭቆን ይጠቅሳል፤ በአክሱም መቃብሮችም የብርጭቆ ዕቃዎች ተገኝተዋል።

ሳይከፈት የቀረም አለ። በጀርመን ሽፓየር አቅራቢያ ከሮማውያን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የወይን ጠጅ ጠርሙስ ፈሳሹን እንደያዘ ዛሬም በሙዚየም ተቀምጧል፤ ዕድሜው ወደ 1,700 ዓመት ይጠጋል። ወይኑ ላይ የተጨመረው የወይራ ዘይትና የሰም ማሸጊያው ከአየር ጠብቀውታል።

ያወጡት ጠርሙስ ላይ በእንግሊዝኛ «የፌዴራል ሕግ ይህን ጠርሙስ መሸጥም ሆነ ዳግም መጠቀምን ይከለክላል» የሚል ካነበቡ ግን ብዙ አይጓጉ፤ አሜሪካ ይህን በአልኮል ጠርሙሶች ላይ ያስጻፈችው እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1964 ድረስ ስለሆነ፣ የያዙት የአንድ ጠጪ አያት ውስኪ ነው።