የገንዘብ እሽግ ስንት ጫፍ አለው? ገጽ፣ ጠርዝና ጫፍ ሳይሳሳቱ ለመቁጠር

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሃርጌሳ፣ የመንገድ ዳር ገንዘብ መንዛሪዎች የሽልንግ ኖቶችን በላስቲክ እያሰሩ እንደ ጡብ ይደረድሯቸዋል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1994 ሥራ ላይ የዋለው የሶማሊላንድ ሽልንግ ከዶላር አንጻር ያለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። በዚህም ምክንያት 100 ዶላር የመነዘረ ሰው ኪስ የማይችለው እሽግ ሊረከብ ይችላል።

ከእነዚህ እሽጎች አንዱ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በፈተና ላይ ደጋግሞ የሚያሳስት ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ስንት ገጽ፣ ስንት ጠርዝ፣ ስንት ጫፍ አለው?

ገጽ የሚባለው ቅርጹን የሚሸፍነው ዝርግ ክፍል ነው። ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ጠርዝ ሲሆን፣ ጠርዞች የሚገናኙበት ነጥብ ደግሞ ጫፍ ይባላል። በዚህ መሠረት እሽጉ 6 ገጾች፣ 12 ጠርዞችና 8 ጫፎች አሉት።

ዓይን የሚደብቀው

ስህተቱ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። እሽጉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአንድ ማዕዘን እንደሚታይ ሆኖ ሲሳል የሚታዩት 3 ገጾች፣ 9 ጠርዞችና 7 ጫፎች ብቻ ናቸው። የቀሩት 3 ገጾች፣ 3 ጠርዞችና 1 ጫፍ ከኋላ ተደብቀዋል። የሚታየውን ብቻ የቆጠረ ተማሪ ቢሳሳት አያስደንቅም።

መፍትሔው በሥርዓት መቁጠር ነው። በመጀመሪያ ከላይኛው ገጽ ዙሪያ 4 ጠርዞች፣ ከዚያ ከታችኛው ዙሪያ 4፣ በመጨረሻም ሁለቱን የሚያገናኙ 4 ቋሚ ጠርዞች ይቆጠራሉ። ድምሩ 12 ይሆናል። ጫፎቹም ከላይ 4፣ ከታች 4 ናቸው።

ራሱን የሚያርም ቆጠራ

ተማሪው ትክክል መቁጠሩን መምህሩን ሳይጠይቅ የሚያረጋግጥበት መንገድ አለ። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ1750 ለክርስቲያን ጎልድባክ በጻፈው ደብዳቤ እንዳመለከተው፣ ከጫፎች ብዛት ላይ የጠርዞች ብዛት ተቀንሶ የገጾች ብዛት ሲደመር ውጤቱ 2 ነው። ለእሽጉ፦ 8 − 12 + 6 = 2።

ምክንያቱን ለመረዳት ጡብ የመሰለ ሳሙና አንድ ማዕዘኑን በቢላ መቁረጥ ይበቃል። አንዱ ጫፍ ይጠፋና በቦታው 3 ይወጣሉ፤ 3 አዳዲስ ጠርዞችና 1 ባለ ሦስት ጎን ገጽም ይፈጠራሉ። አሁን 10 ጫፎች፣ 15 ጠርዞችና 7 ገጾች አሉ። 10 − 15 + 7 አሁንም 2 ነው። የተጨመረውና የተቀነሰው እርስ በርሱ ተጣፍቷልና። ደንቡ የተሟላ ማረጋገጫ ያገኘው ግን ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1794፣ በፈረንሳዊው አድሪያን ማሪ ለዣንድር ነበር።

ደንቡ ከጡብ በላይ ለተወሳሰቡ ቅርጾችም ይሠራል። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለውን የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ለአብነት እንውሰድ። በሮቹን፣ መስኮቶቹንና ጌጦቹን ትተን አጠቃላይ ቅርጹን ብቻ ብናስብ፣ ከላይ ሲታይ 12 ጎኖች ያሉት መስቀል ነው። ስለዚህ 12 ግድግዳዎች፣ ጣሪያና ወለል ተደምረው 14 ገጾች፣ 36 ጠርዞችና 24 ጫፎች ይኖሩታል። 24 − 36 + 14 = 2።

በ1970 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የታወቀችው ጥቁርና ነጭ ኳስ ደግሞ 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተሰፍተው የተሠራች ናት። ጠርዞቿን አንድ በአንድ መቁጠር አድካሚ ነው። ነገር ግን የቁራጮቹ ጎኖች ድምር 180 ነው፤ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ጎኖችን ስለሚያጋጥም ጠርዞቹ 90 ናቸው። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሦስት ቁራጮች ስለሚገናኙም ጫፎቹ 60 ይሆናሉ። 60 − 90 + 32 = 2።

አቃል እና ደንቡ

የሶማሊ አርብቶ አደሮች በግመል ጭነው የሚያጓጉዙት ባህላዊ ቤት አቃል ይባላል። ጎባጣ እንጨቶች ተተክለው በሰሌን ሲሸፈኑ ግማሽ ሉል የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። በዚህ ቅርጽ ላይ አንድ ጎባጣ ገጽና አንድ ዝርግ ወለል፣ በመካከላቸውም አንድ ክብ ጠርዝ አለ፤ ጫፍ ግን የለም። 0 − 1 + 2 ደግሞ 1 ነው።

ደንቡ ከሸፈ ማለት ነው? አይደለም። ደንቡ እያንዳንዱ ጠርዝ ከጫፍ ተነስቶ ጫፍ ላይ እንዲያልቅ ይጠይቃል፤ የአቃሉ ክብ ጠርዝ ግን መነሻም መድረሻም የለውም። በክቡ ላይ አንድ ቦታ ካስማ ተክለን እንደ ጫፍ ብንቆጥረው 1 − 1 + 2 = 2 ይሆናል።

ሲሊንደርንና ኮንን በተመለከተ መጻሕፍት የተለያየ መልስ የሚሰጡትም ከዚሁ የተነሳ ነው። ጎባጣው ገጽ እንደ ገጽ፣ ክቡም እንደ ጠርዝ የሚቆጠረው በተሰጠው ትርጉም መሠረት ነው። አንዱ መጽሐፍ ሲሊንደር 3 ገጾች አሉት ሲል፣ ዝርጉን ብቻ የሚቆጥረው ሌላው 2 ይላል። ስለዚህ ፈታኙ ቁጥሩን ከመጠየቁ በፊት ትርጉሙን ግልጽ ማድረግ ይጠበቅበታል። አለበለዚያ በትክክል የቆጠረ ልጅ ነጥብ ሊያጣ ይችላል።