ቤቱን ለሰው አስለቅቁ

የጅጋ ገበሬዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከእርሻ ስትመለሱ እስቲ ቤታችሁን እንደ እንግዳ ሁናችሁ እዩት። በበሩ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ማነው? በሬው ነው። ቀጥሎ የተሰበረ ሞፈር፣ የተቀደደ ስልቻ፣ «አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» ተብሎ የተወሸቀ አቁማዳ። እዚያ ሥር አይጥ ትወልዳለች፤ ልጆቿን የሚቀልበው የእናንተው ጎታ ነው።

ከብት ከቤት ማውጣት ቀላል አይደለም። ሌባ አለ፣ ጅብ አለ። ስለዚህ ጋጣውን ከቤቱ አስጠግታችሁ ሥሩ፤ በሩ ግን ለብቻው ይሁን። እበት ሲርቅ ዝንብ ይቀንሳል። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ከሚያመላልሱት አንዷ ዝንብ ናት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም ሰውና ከብት ይለያዩ ሲል የቆየው ለዚሁ ነው።

ጭሱም መውጫ ይሻል፤ የሕፃን ሳንባ ይጎዳል። ቻይናዎች ፌንግ ሹይ የሚሉት የቤት አያያዝ ልማድ አላቸው፤ ትርጉሙ «ነፋስና ውሃ» ነው። ዕድል ያመጣል ይላሉ። ዕድሉን ለእነሱ ትተን ነፋሱን እንውሰድ፤ ከምድጃው አጠገብ መስኮት ክፈቱ። ሞፈሩ ከተጠገነ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ካልሆነ ለምጣዱ ማገዶ ይሁን።