ድምፅ ያለው ትንፋሽ

አራስ ልጅ አፍንጫው ትንሽ ቢታፈን፣ ቢያስነጥስ ወይም ተኝቶ ቢያቃስት የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። አየር በሳበ ቁጥር የሚያፏጭ፣ ቀን ከሌት የሚያንኮራፋ፣ ጡት ይዞ ለመተንፈስ ሲል ቶሎ ቶሎ የሚለቅ ሕፃን ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሚያፏጭ ትንፋሽ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። የማንቁርቱ ልም አጥንት ገና ስላልጠነከረ አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ይህ በአብዛኞቹ ሕፃናት ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው በራሱ ይስተካከላል። ከስንት አንዴ ግን ጉሮሮ ውስጥ አብሮ የተወለደ፣ ወይም ከተወለዱ በኋላ ያደገ እብጠት ይገኛል።

እነዚህ እብጠቶች በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም፤ አይሠራጩም። ጉዳታቸው ከያዙት ቦታ ይመጣል። ቀኑ ሞልቶ የተወለደ ሕፃን የአየር ቧንቧ ከድምፅ አውታሮች ሥር፣ በጣም በሚጠብበት ቦታ፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእርሳስ ውፍረት ያንሳል። 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ቧንቧ ዙሪያውን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የአየር መተላለፊያው ሦስት አራተኛው ይጠፋል፤ አየሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይልም ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። በዚያ ላይ አራስ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ከአፍንጫ ጀርባ የተቀመጠ ትንሽ ነገርም ይበቃዋል።

መተላለፊያው የት ላይ እንደጠበበ ድምፁ ራሱ ይጠቁማል። ከአፍንጫ ጀርባ ወይም ከምላስ ሥር ያለ እብጠት ማንኮራፋት የመሰለ ወፍራም ድምፅ ያሰማል። ማንቁርት ላይ ያለው፣ አየር ሲገባ ቀጠን ብሎ ያፏጫል። ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ይሰማል። የአንገት በላይ ሐኪም ቀጭኗን ካሜራ በአፍንጫ ከማስገባቱ በፊት የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው።

ከሁሉም እኔን የሚያስደንቀኝ ፀጉራም ፖሊፕ የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ ከላንቃ በላይ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ላዩ ጥቃቅን ፀጉርና የወዝ ዕጢዎች ያሉት እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ውስጡ ስብ፣ አንዳንዴም ጡንቻና ልም አጥንት አለው። ፅንስ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሦስት የሕዋስ ንብርብሮች ይኖሩታል፦ ከውጨኛው ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንትና ስብ፣ ከውስጠኛው የአንጀትና የሳንባ ሽፋን ይወጣሉ። ፀጉራም ፖሊፕ የተሠራው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ሕፃናት ላይ በብዙ እጥፍ ይታያል። ተንጠልጣይ በመሆኑም ሕፃኗ ስትገላበጥ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ መንገዱን ይዘጋል፣ አንዴ ይለቃል። እናት «ቅድም እኮ ታፍና ነበር» ስትል ሐኪሙ ፊት ያለችው ግን በደህና የምትተነፍስ ልጅ ልትሆን ትችላለች። እናትን ማመን ያስፈልጋል። አንዳንዴ ሕፃኗ ስታለቅስ ወይም ሲያስመልሳት እብጠቱ በአፏ ብቅ ብሎ ይመለሳል።

ሕክምናው ግንዱን ከሥሩ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ተመልሶ የመብቀል ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ይሁንና ማንም ሐኪም ምስል ሳያነሳ አይቆርጠውም። ከአፍንጫ ጀርባ የተንጠለጠለው ነገር በራስ ቅል ቀዳዳ ወደ ታች የወረደ የአንጎል ክፍል ሊሆን ይችላልና።

ስለ እንጥል ማስቆረጥ እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እንጥሉ አብጦ ያንቀዋል በሚል ፍርሃት ጨቅላ ልጃቸውን ወደ ቆራጭ የሚወስዱ ቤተሰቦች በአገራችን ዛሬም አሉ። ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ጤነኛ እንጥል ግን የአራስን ትንፋሽ አይዘጋም። መቆረጡ ደም መፍሰስን፣ የቁስል ማመርቀዝን፣ መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል፤ እውነተኛ እብጠት ካለም እሱ ሳይታወቅ እዚያው ይቀራል።

ከፀጉራም ፖሊፕ ይልቅ ሦስቱንም የፅንስ ንብርብሮች የያዘው ቴራቶማ የሚባል እብጠት የከፋ ነው። ከላንቃ ወይም ከአንገት ተነሥቶ ገና በማኅፀን ሳለ አፍን ሊሞላ ይችላል። ፅንሱ የሽርት ውሃውን እንደ ልቡ መዋጥ ስለማይችል ውሃው ይበዛል፤ የእናቲቱ ሆድ ከእርግዝናው ሳምንት በላይ ይገፋል። አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ እብጠቱን የሚያገኘው እናቲቱ በዚህ ምክንያት ስትታይ ነው። ቀድሞ መታወቁ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እትብቱ እስካልተቆረጠ ድረስ ሕፃኑ በራሱ መተንፈስ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የእነ ማይክል ሃሪሰን ቡድን ለሌላ ዓይነት የፅንስ ቀዶ ሕክምና ያዳበረው፣ ለእነዚህ ሕፃናትም የሚያገለግለው ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እናቲቱ ጥልቅ ማደንዘዣ ትወስዳለች፤ ማኅፀኗ እንዳይኮማተር ይደረጋል። የሕፃኑ ራስና ትከሻ ብቻ ይወጣል። እንግዴ ልጁ ኦክስጅን መስጠቱን ሳያቋርጥ ሐኪሞቹ ቱቦ በአፉ ያስገባሉ፤ ካልሆነም አንገቱን ከፍተው መተንፈሻ ያበጁለታል። እትብቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የላላ ማኅፀን በብዛት ሊደማ ስለሚችል ሥራው ለእናቲቱም አደጋ አለው፤ የሚሠራውም የተሟላ ቡድን ባለበት ሆስፒታል ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሲወለዱ የማይታየው የደም ሥር እብጠት፣ ሄማንጂዮማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከድምፅ አውታሮች በታች ያድጋል፤ ሳል ስላለው በጉንፋን የመጣ የጉሮሮ ማበጥ ይመስላል። ስቴሮይድ ሲሰጠው ይሻለዋል፣ ሲቆም ይመለስበታል። ከዓመታት በኋላ በራሱ ይከስማል፤ ሕፃኑ ግን ያን ያህል መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ቀድሞ ብዙዎቹ አንገታቸው ተከፍቶ በቱቦ ይተነፍሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ክሪስቲን ሌዮቴ ላብሬዝና ባልደረቦቿ ያልጠበቁትን ማየታቸውን አስታወቁ። ሄማንጂዮማ ላለበት ሕፃን ለልቡ ችግር ፕሮፕራኖሎል ሰጡት፤ በማግስቱ እብጠቱ ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ተለውጦ ለስልሶ ተገኘ። ይህ የቆየ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ዛሬ ለጉሮሮውም ሄማንጂዮማ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የሕፃንን የደም ስኳር ሊያወርድና የልብ ምቱን ሊያዘገይ ስለሚችል በሐኪም ክትትል እንጂ በቤት አይጀመርም።

ጉሮሮው ውስጥ ሄማንጂዮማ ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቆዳቸው ላይም ቀይ እብጠት አላቸው፤ በተለይ በአገጭ፣ በከንፈርና ጢም በሚበቅልበት አካባቢ ያለው ያጠራጥራል። ከዚህ ጋር ትንፋሹ ድምፅ ካለው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ማሳየት ይገባል። ድምፁ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሲሰማ በስልክ ቀርጾ ለሐኪሙ ማሳየት በጣም ይረዳል። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ግን ቪዲዮም አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።