ተርሲኮከስ ፊኒሲስ

ተርሲኮከስ ፊኒሲስ የጠፈር መንኮራኩሮች በሚገጣጠሙባቸው ንጹሕ ክፍሎች ውስጥ የተገኘ የባክቴሪያ ዝርያ ነው። መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 በፍሎሪዳ፣ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ማርስ ለመላክ ስትዘጋጅ ነበር። በኋላም 4,000 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ በፈረንሣይ ጊያና፣ በኩሩ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ ወገንና ዝርያ ተብሎ ሲመዘገብ ከሁለቱ ክፍሎች በቀር በሌላ ስፍራ አይታወቅም ነበር። «ተርሲ» የመጣው «ንጹሕ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ «ፊኒሲስ» የተባለው በመንኮራኩሯ ስም ነው።

በንጹሕ ክፍል ውስጥ አየሩ ይጣራል፣ ወለሉ በኬሚካል ይጸዳል፣ ሠራተኞችም መላ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ይለብሳሉ። ሆኖም ብዙ ተሕዋስያን ከሰው ቆዳ ጋር ይገባሉ። ጽዳቱ አብዛኞቹን ሲያጠፋ፣ ድርቀትንና የምግብ እጥረትን የሚችሉት ጥቂቶች ያለ ተፎካካሪ ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. የ1967 የጠፈር ስምምነት አገሮች ሌሎች ፈለኮችን እንዳይበክሉ ያስገድዳል። የምድር ተሕዋስያን ማርስ ከደረሱ፣ እዚያ የሚገኝ የሕይወት ምልክት የማርስ ይሁን የምድር ለመለየት ያስቸግራል። በናሳ የተለመደው ምርመራ ናሙናውን 80 ዲግሪ ሴልሲየስ ካሞቀ በኋላ የሚቆጥረው ሙቀቱን የሚቋቋሙትን ስፖሮች ነው። ተርሲኮከስ ፊኒሲስ ግን ስፖር አይሠራም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ቆጠራ ብቻውን በክፍሉ ያሉትን ተሕዋስያን ሁሉ አያሳይም።