ፍሬን የሌላት ጀልባ

ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል። አብዛኛው ሥራው ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ መጫን ነው። መንገዱ የፖቶማክን ወንዝ ታክኮ ስለሚሄድ፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ወንዙን በመስኮቱ ያየዋል። ባለፈው ነሐሴ ቤቱ በእንግድነት ከርሜ ነበርና “ለመሆኑ ወንዙ ዳር ወርደህ ታውቃለህ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ምን ላደርግ?” አለኝ። አለቀ።

ለምን እንደማይወርድ አጥቼው አልነበረም። ሁለታችንም የባሕር ዳር ልጆች ነን። በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሦስት ሆነን ወደ ጣና ወርደን ሁለት ሆነን የተመለስንበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። እኔ ከተማ ቀየርኩ፤ እሱ አገር ቀየረ።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ልጁ ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ወጣት ነች። ኮሌጅ ሲዘጋ፣ ማለትም እኛ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ፀሐይ በሚሞቁበት ወቅት፣ ከኤርፖርቱ በስተደቡብ ባለ የጀልባ ማቆሚያ ጀማሪዎችን የሸራ ጀልባ ታስተምራለች። አሥራ አራት ዓመቷ እያለ እሷ ራሷ ለመማር የወላጅ ፊርማ ተጠይቃ አባቷ “አልፈርምም” አለ። እናቷ ፈረመች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የጀልባ ወሬ አይነሣም። ልጅቱ ግን ምክንያቱን ስለማታውቅ “አባዬ ውሃ የሚወደው በብርጭቆ ሲሆን ብቻ ነው” እያለች ትቀልድበታለች።

ዘንድሮ ለልደቱ ምን ብትሰጠው ጥሩ ነው? የሁለት ሰዓት የጀማሪዎች የሸራ ጀልባ ጉዞ! ከማንም ጋር ሳንቀላቀል፣ አንድ ጀልባ ለብቻችን፣ አስተማሪዋም ራሷ። እኔንም በእንግድነቴ ጨምራኛለች። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ ዝም አለ። እንግዳ ፊት ልጅን ማሳፈር ከብዶት ነው እንጂ ፈቅዶስ አልነበረም።

ቦታው ዴንጀርፊልድ አይላንድ ይባላል። ስሙ ደሴት ይሁን እንጂ በእግርም በመኪናም የሚገባበት ከየብሱ ጋር የተያያዘ መናፈሻ ነው። ልጅቱ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እያለበሰችን፣ ማሰሪያውን እየሳበች “ዋና ትችላላችሁ?” አለችን።

“ትንሽ ትንሽ” አልኩ።

“አልችልም” አለ አባቷ።

“እንዴ አባዬ! ሐይቅ ዳር አይደል እንዴ ያደግከው?”

መልስ አልሰጣትም። እሷም አልገፋችበትም። ለነገሩ መዋኘት ብንችልም አይፈቀድልንም ነበር፤ የዲሲ አስተዳደር ከ1971 ጀምሮ በወንዞቹ ውስጥ መዋኘትን ከልክሏል። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ የራሳችንን “ዓ.ም.” እለዋለሁ።) ምክንያቱ የፍሳሽ ቆሻሻ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ፖቶማክን የአገር ውርደት ብለውት ነበር። በ1972 ጠንከር ያለ የውሃ ብክለት ሕግ ወጣና ወንዙ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ዛሬ ዓሣ አዳኝ አሞራዎች ከውሃው መሐል በተተከሉት የመርከብ ምልክቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ይታያሉ። ቀበናን አሰብኩት። ግን ወደ ጀልባችን እንመለስ።

ጀልባዋ 19 ጫማ፣ ወደ ስድስት ሜትር ግድም ናት። መሐሏ ላይ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ወደ ኋላ አንድ አግዳሚ ብረት ወጥቷል፤ ትልቁ ሸራ ከሥሩ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ከፊት ደግሞ ትንሽ ሸራ አለች። ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ሳንቃ አላት፤ እሱ ባይኖር ነፋሱ እንደ ቅጠል ወደ ጎን እየገፋ ይወስዳታል። ሞተር የላትም።

“የመጀመሪያው ጥያቄ” አለች አስተማሪያችን፣ “ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?”

እኔ እንደ ገበሬ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ወደ ላይ ቀሰርኩ። ጓደኛዬ ቀና እንኳ ሳይል “ከደቡብ” አለ።

“በምን አወቅክ?”

“አውሮፕላኖቹ ዛሬ ወደ ደቡብ ነው የሚነሱት። አውሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የሚጋፈጠው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ተራ ይዤ ስቀመጥ ምን የማየው ይመስልሻል?”

ልጅቱ አየችው። እውነቱን ነበር። በዚያች ደቂቃ አንዱ ከራሳችን በላይ እያጓራ አለፈ፤ ሆዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሊነበብ ምንም አይቀረው። እዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት፣ በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ማታ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላንና አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው አልቋል። ጓደኛዬ ያን ሌሊት ተራ ላይ ነበር። ሰው ሊቀበሉ መጥተው ያልተቀበሉ ሰዎችን ወደ ቤታቸው መልሷል። ወንዙን ላለመውደድ ተጨማሪ ምክንያት ካስፈለገው ነበረው ማለት ነው።

ከማቆሚያው ተላቀቅን። የዲሲ ወሰን እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ ስለሆነ፣ ገና ውሃው ላይ እንደወጣን ቨርጂኒያን ለቀን ዋና ከተማዋ ገብተናል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ትንሽ ፈታ አለ። የቨርጂኒያ ታክሲ ዲሲ መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚያስቆመውን ሰው መጫን አይችልምና “ዛሬ ያለ ፈቃድ ዲሲ ገብቼ ብያዝ ምስክሬ ነህ” አለኝ።

መሪውን መጀመሪያ የሰጠችው ለእሱ ነው። መሪ ስል ክብ ነገር አይምሰላችሁ፤ ከኋላ በኩል ያለ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን እንጨት ነው። ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስትገፉት ወደ ግራ ትዞራለች። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ለጨበጠ ሰው ይሄ ስድብ ነው። ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ሦስተኛው ላይ ሸራው በድንገት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ ያ አግዳሚ ብረት የራሱን ቆብ ገፎ ወንዝ ውስጥ ከተተለት። “ጭንቅላት!” ብላ ጮኻ ነበር፤ ዝቅ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው ትምህርት፦ የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። ከነፋሱ በግራም ሆነ በቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ፈንጠር ማለት ይኖርባታል። ስለዚህ ወደ ደቡብ መሄድ የፈለገ ሰው አንዴ ወደ ሜሪላንድ በኩል ሰያፍ ይሄዳል፤ ዞር ብሎ ደግሞ ወደ ቨርጂኒያ በኩል ሰያፍ ይመለሳል። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ወደ ፊት ያተርፋል። ልጅቱ ወረቀት ላይ ስላ ልታስረዳን ስትጀምር አባቷ አቋረጣት።

“የደጀን አቀበት ነው በይኝ እንጂ!”

እውነትም ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ የወጣ ሾፌር ይህን ለመረዳት ወረቀት አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባው። እንደውም ዙሩን ከእኔ በተሻለ ያሳምር ጀመር።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ግንድ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። ዝናብ ሲጥል ከላይ ብዙ እንጨት ይወርዳል፤ ጀማሪ የሚጠነቀቀው አንዱ ነገር እሱ ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እያልኩ በልቤ ስተርት፣ ግንዱ ከታች ወደ ላይ እየሄደ መሆኑን አስተዋልኩ። “ይሄ ወንዝ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚፈሰው?” ብዬ ጠየቅሁ። “በቀን ሁለት ጊዜ” አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። ወንዙ ባሕር የሚገናኘው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እስከ ዋሽንግተን ድረስ ይደርሳል። ውሃው አንድ ሜትር ለመሆን ትንሽ እስኪቀረው ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። አባይ አንዴ ከጣና ከወጣ ወጣ ነው፤ እኔ የማውቀው ወንዝ እንደዚያ ነው። ለጥቂት ጊዜ ግንዱን እያየሁ ቀረሁ።

ቦታ ተለዋወጥን። መሪው ለእኔ፣ የሸራው ገመድ ለጓደኛዬ። ገመዱን ሲስበው ሸራው ይወጠራል፤ ጀልባዋም ትፈጥናለች፣ ወደ ጎንም ታጋድላለች። ማጋደሉ ሲጀምር ጓደኛዬ ፊቱ ተለወጠ።

“ይቺ ጀልባ ፍሬን የላትም?”

“ፍሬኗ መልቀቅ ነው” አለች ልጅቱ። “ስትፈራ ገመዱን ልቀቀው። ሸራው ነፋሱን ያፈሳል፣ ጀልባዋ ቀና ትላለች፣ ትቆማለች። በቃ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ።”

ቀላል ነው አይደል? ተቀምጦ ለሚያነብ ቀላል ነው። ሰው ሲፈራ ግን እጁ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ነገር እየሮጠ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ፤ ኃይለኛ ነፋስ እንዲያ ነው አስቀድሞ የሚታየው። እኔ ደንግጬ መሪውን በተገላቢጦሽ ገፋሁት። ጓደኛዬ ገመዱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣበቀ። ጀልባዋ ዘመመች። በዘመመችበት በኩል ውሃው ጠርዙን ላሰ፤ ጫማዬ ራሰ።

“ልቀቀው!” አለች።

ዓይኑን ጨፍኖ ይዟል።

“አባዬ! ልቀቀው! ልቀቀው እኮ ነው የምልህ!”

ለቀቀው። ገመዱ እየተተረተረ ወጣ፤ ሸራው ጓ ብሎ ተከፈተ። ጀልባዋም ማንም ሳይነካት ቀና ብላ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ቆመች። ሸራው እንደተሰጣ አንሶላ ይርገበገባል። ሌላ ድምፅ አልነበረም። ጓደኛዬ ባዶ መዳፉን ያያል። ገመዱ ቀይ መስመር አስምሮበታል።

“ያኔ ‘አጥብቀህ ያዝ’ ነበር ያልኩት” አለ።

ልጅቱ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

ከዚያ እሱ ራሱ ነገራት። የወይጦዎች ታንኳ ምን እንደምትመስል፣ ከደንገል እንደምትታሰር። ከሰው ታንኳ ፈትተው እሱና ታናሽ ወንድሙ እንደወጡባት። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ ላይ ሲደርሱ ውሃው ይጎትታቸው እንደጀመረ። እሱ ዘሎ ሲወርድ ውሃው ከወገቡ አይበልጥም ነበር። ወንድሙ ግን ፈራ። እሱም “አትውረድ፣ አጥብቀህ ያዝ፣ እስብሃለሁ” አለው። ልጁ እንደታዘዘው ያዘ። ታንኳዋ ግን ከእጁ አመለጠች።

እኔ ዳር ላይ ነበርኩ። እኔም “ያዝ! ያዝ!” እያልኩ ነበር የምጮኸው። ይህንንም ነገርኳት።

“አጎት ነበረኝ?” አለች።

“ነበረሽ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።”

“ስሙስ?”

ነገራት። እሷም ስሙን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ደግማ አለችው። አንዷን ፊደል ሳተቻት፤ አረማት፤ እንደገና አለችው። ከበላያችን ሌላ አውሮፕላን አለፈና ለጥቂት ጊዜ መነጋገር አልተቻለም።

ሲያልፍ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ “እንመለስ?” አለች።

“ሰዓቱ አልቋል?”

“ሃያ ደቂቃ ይቀረናል። ግን ግድ የለም።”

“እንዴት ግድ የለም? ከፍለሽበት የለ? ሜትሩ እየቆጠረ ነው” አለና ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ገመድ ሰብስቦ ያዘ። አሁን በአንድ እጁ ነበር የያዘው፤ ላላ አድርጎ። እኔንም “መሪህን አስተካክል፣ ደጀን ሳንደርስ ልትገለብጠን ነው” አለኝ።

ሃያዋን ደቂቃ ወደ ዊልሰን ድልድይ አቅጣጫ ሄድን። ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ስለሆነ መጠማዘዝ አላስፈለገንም፤ የዋሽንግተን ሐውልት ከሩቅ እንደ እርሳስ ቆሞ ይታየን ነበር። ቆቡን አላገኘነውም። ወደ ኋላ ከሚፈሰው ውሃ ጋር ወደ ከተማው ሳይሄድ አይቀርም።

ልጅቱ ቀጣይ ተማሪዎች ስለነበሯት እዚያው ቀረች። እኛ እርጥብ ጫማችንን አውልቀን፣ በባዶ እግራችን መኪና ውስጥ ገባን። የከተማዋን መሐል አልፈን ወደ ቤቱ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ማውንት ቨርነን የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

“አለፍከው እኮ” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ወንዙ በግራ በኩል ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋብን።

“ይለፍ” አለ።