የቤንዚን ግፊት ልክ አለው

ቮልስ የምትባለውን ትንሽ መኪና በዓይኑ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ነው። ሞተሯ ያለው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። የመኪናዋን ንድፍ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል መሐንዲስ ነው። የፋብሪካዋ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በጀርመን አገር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ነበር። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 በሜክሲኮ አገር ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል። ወደ አገራችንም ብዙ ገብተዋል። ዛሬ አሮጌ ቢሆኑም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሲሄዱ ይታያሉ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ቮልስ ሞተር አንድ ነገር እናስረዳለን። ይኸውም ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል በልክ መሆን እንዳለበት ነው። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ልኩ ሲስት ሞተር ያበላሻል፣ መኪና ያቃጥላል፣ ሰውም ይጎዳል። በቤንዚን ሞተር ውሃ ስቦ እርሻውን የሚያጠጣ ገበሬም ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ምክንያቱን ወደ በኋላ እናያለን።

በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር

ማንኛውም ሞተር ሲሠራ ይግላል። ብዙ መኪናዎች ሙቀቱን የሚያበርዱት በውሃ ነው። ውሃው ራዲያተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም። በቺንጊያ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ አላት። ማራገቢያው ነፋስ እየሳበ በሞተሩ ላይ ይነፋል። ስለዚህ ቮልስ ውሃ አለቀባት፣ ውሃ ፈላባት አይባልም።

ይህ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም ሞተሩ የተቀመጠው በቆርቆሮ በተከለለ ጠባብ ቦታ ነው። የቤንዚኑ ጎማ፣ ፓምፑና ካርቡሬተሩም ያሉት እዚያው ከጋለው ሞተር ጋር ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጡት ሽቦዎችም እዚያው ናቸው። ታዲያ እዚያ ውስጥ ቤንዚን ቢንጠባጠብ ምን ይሆናል? አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ቤንዚኑ እንዴት ይጓዛል?

የቮልስ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ከፊት ነው። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑን ከፊት ስቦ ወደ ኋላ የሚያመጣ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ፓምፑ የብረት ሠሪን ወናፍ ይመስላል። ወናፍ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲጫኑት ይተነፍሳል። በፓምፑም ውስጥ የጎማ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ወደ ታች ሲሳብ ቤንዚን ይገባል። ከሥሩ ያለው ሞላ መልሶ ወደ ላይ ሲገፋው ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ሽፋኑን የሚያንቀሳቅሰው ከሞተሩ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚል አንድ የብረት ዘንግ ነው።

ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት ዕቃ ነው። በውስጡ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ አለች። ቤንዚኑ የሚጠራቀመው በእሷ ውስጥ ነው። በቤንዚኑ ላይ አንድ ነገር ይንሳፈፋል፤ ባዶ ቅል በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሣና አንዲት መርፌ ወደ ላይ ይገፋል። መርፌዋም መግቢያውን ትዘጋለች። ቤንዚኑ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ መርፌዋም ትከፍታለች። መርፌዋ በር ጠባቂ ናት ማለት ይቻላል።

ግፊቱ ሲበዛ ወይም ሲያንስ

ውሃ በቦይ ወደ ማሳ የሚያስገባ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃው ካነሰ ከቦዩ ራቅ ብሎ ያለው ሰብል ይደርቃል። ከበዛ ደግሞ መዝጊያውን ጥሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። የቤንዚንም ነገር እንዲሁ ነው።

ግፊቱ ሲያንስ ካርቡሬተሩ ቶሎ አይሞላም። መኪናዋ በሜዳ ደህና ትሄድና ዳገት ላይ ትደክማለች። በፍጥነት ስትነዳ ትንቃለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች።

ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ መርፌዋ መዝጋት ያቅታታል። ቤንዚኑ እሷን ገፍቶ ይገባና ሞልቶ ይፈስሳል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ሞተሩ አካባቢ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።
ለ. ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።
ሐ. መኪናዋ ቤንዚን ትፈጃለች።
መ. ዘይቱ ሲለካ ከበፊቱ ጨምሮ ይገኛል፤ ሲሸተትም ቤንዚን ይሸታል።

የመጨረሻው ምልክት ብዙ ሰው ያታልላል። ዘይት ጨመረ ብሎ ደስ የሚለው ሰው አለ። ነገር ግን የጨመረው ዘይት ሳይሆን ቤንዚን ነው። ቤንዚን ዘይትን ያቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ስለዚህ ብረቱ እየተፋተገ ሞተሩ ያልቃል። እንዲህ ያለው ዘይት ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።

እነዚህ ምልክቶች ግን ሌላም ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። መርፌዋ ላይ ቆሻሻ ቢገባ፣ ወይም መርፌዋ ብታልቅ ቤንዚኑ እንዲሁ ይፈስሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መለካት እንጂ በግምት መፍታት ተገቢ አይደለም።

ልኩ ስንት ነው?

ግፊት የሚለካው ፒኤስአይ በሚባል መስፈሪያ ነው። የጎማ አየርም በዚሁ ይለካል። የትንሽ መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 30 ገደማ ግፊት ይሞላል። የተለመደው የቮልስ ካርቡሬተር፣ በተለይ የ1500ና የ1600 ሞተር፣ የሚፈልገው ግን 3 ያህል ብቻ ነው። ወደ 5 ሲደርስ መርፌዋን ያሸንፋል።

3 ምን ያህል እንደሆነ በሌላ መንገድ እንመልከተው። አንድ የቤንዚን በርሜል 1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥና ቤንዚኑ በቱቦ ቢወርድ፣ ከታች የሚኖረው ግፊት 1 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ፒኤስአይ ማለት ከ3 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደሚወርድ ቤንዚን ነው። ይህም ከአንድ ጎጆ ጣሪያ ከፍታ ብዙ አይበልጥም። ካርቡሬተር የሚፈልገው ይህን ያህል ትንሽ ኃይል ነው።

ግፊቱ እንዴት ይስተካከላል?

ሥራው የመካኒክ ነው። ሆኖም አሠራሩን ያወቀ ባለንብረት አይታለልም። ቅደም ተከተሉን እነሆ፦

1. ሥራው የሚሠራው ደጅ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ነው። ሲጋራም ሆነ እሳት አጠገቡ አይደርስም። አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይቅረብ። ቱቦ ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውም ሽቦ ይፈታ።

2. በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ባለ ሦስት አፍ ቱቦ ይገባል። በሦስተኛው አፍ ላይ የግፊት መለኪያው ይታሰራል። ቱቦዎቹ ሁሉ በፋሸታ ይጠብቃሉ።

3. ባትሪው ይታሰርና ሞተሩ ይነሣል። የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ወዲያው ይጠፋል። ከሌለ ሞተሩ ፈጠን ብሎ እንዲዞር ይደረግና ቁጥሩ ይነበባል።

4. ቁጥሩ ከበዛ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪውም እንደገና ይፈታ። ከፊት የሚመጣው ጎማ ቤንዚን እንዳያፈስ ይቆነጠጣል። ፓምፑን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በ13 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ።

5. ፓምፑ ሲነሣ ዘንጉ ይታያል። የድሮዎቹ ሞተሮች ዘንግ 108 ሚሊሜትር ነው። በኋላ የመጡት፣ አልተርናቶር ያላቸው ሞተሮች ዘንግ 100 ሚሊሜትር ነው። አንዱ የሌላውን ፓምፕ አይስማማውም። ረጅም ዘንግ ላይ የማይገባው ፓምፕ ቢታሰር ፓምፑ ይሰበራል። መቀመጫውን ከማንሣት በፊት ደግሞ ዘንጉ ይውጣ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

6. ዋናው ማስተካከያ ከፓምፑ መቀመጫ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ነው። አንድ ሲጨመር ፓምፑ ከዘንጉ ይርቃል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። አንድ ሲቀነስ ፓምፑ ይቀርባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ዘንጉ ከፍ ብሎ ሲቆም ከመቀመጫው በላይ 13 ሚሊሜትር ያህል መታየት አለበት።

7. ሁሉም ተመልሶ ከታሰረ በኋላ እንደገና ይለካል። አንድ ጊዜ ተለክቶ መተው አይበቃም። ሲያበቃ መለኪያው ይወጣል። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ጎማ ካለ ያን ጊዜውኑ ይቀየር።

አንዳንድ ሰዎች የድሮውን ፓምፕ አውጥተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያስገባሉ። ከእነዚህ ፓምፖች አብዛኞቹ ለቮልስ ካርቡሬተር ከሚበቃው በላይ ይገፋሉ። ስለዚህ ከፓምፑ በኋላ ግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል። በመቀነሻው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛ አይደለም። የሚታመነው መለኪያው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ መኖር አለበት። አለበለዚያ በአደጋ ጊዜ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

ለገበሬው ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ብዙ ገበሬዎች ከወንዝ ውሃ የሚስቡበት ትንሽ የቤንዚን ሞተር እንደ ቮልስ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። ካርቡሬተር፣ ተንሳፋፊና መርፌም አለው። ከነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ግን ፓምፕ የላቸውም። ማጠራቀሚያው ከላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እዚህ ግፊቱን የሚወስነው የማጠራቀሚያው ከፍታ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ትልቅ በርሜል ከፍ ባለ ቦታ ሰቅሎ በቱቦ ማገናኘት አደገኛ ነው። ሥራ ሲያበቃም የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት ያስፈልጋል። ሳይዘጋ ካደረ ትንሽ ቆሻሻ መርፌዋን ከፍቶ ሊይዛት ይችላል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ ሌሊቱን ወደ ዘይቱ ሲገባ ያድራል።

ቤንዚን በእሳት ቢያያዝ ውሃ አይደፋበትም። ቤንዚን በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋል። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ማግኒዥየም የሚባል ማዕድን አለበት። ማግኒዥየም ከተቀጣጠለ ውሃ ሲያገኝ ይብስበታል። ትንሽ የቤንዚን እሳት የሚጠፋው በአሸዋ፣ በደረቅ አፈር ወይም በዱቄት ማጥፊያ ነው። እሳቱ ከጠና ሰው ይራቅ። መኪና ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም።

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። ብዙ ቤንዚን ለሞተር ብዙ ጉልበት አይሰጥም። ጉልበት የሚሰጠው ልኩ ነው። ልኩን የሚነግረን ደግሞ በመለኪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው መካኒኩ አጠገብ ቆሞ፣ «ስንት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ በዓይኑም ያያል። ያኔ ሞተሩም ገንዘቡም ይድናል።

ጥያቄዎች

1. የፓምፑ የጎማ ሽፋን ከብረት ሠሪ ወናፍ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. በካርቡሬተር ውስጥ ያለችው መርፌ ሥራዋ ምንድን ነው?
3. ዘይት ጨምሮ ቢገኝና ቤንዚን ቢሸት ምን ሆኖ ነው? ምንስ መደረግ አለበት?
4. ጓርኒሲዮን ሲጨመር ግፊቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለምን?
5. በአካባቢያችሁ የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው አለ? ሥራ ሲያበቃ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዘጋል? ተወያዩበት።