ኮሊየስ

ኮሊየስ (በሳይንሳዊ ስሙ ኮሊየስ ስኩቴላሪዮይደስ) ለአበባው ሳይሆን ለቅጠሉ ውበት የሚተከል ተክል ነው። የተገኘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ከሚደርሰው ሞቃታማ አካባቢ ነው። በአንድ ቅጠል ላይ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሊታይ ይችላል። ቀዩንና ሐምራዊውን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም ነው።

ተክሉ ከበሶብላ፣ ከናናና ከጦስኝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ግንዱ ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። ካርል ሊኔየስ በ1763 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት ከበሶብላ ወገን መድቦት ነበር። በኢትዮጵያ የቅርብ ዘመዱ ግን ለጌጥ ሳይሆን ለምግብ የሚተከለው የወላይታ ድንች (የአገው ድንችም ይባላል) ነው።

በደጋ አየር

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከከተሞቹ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ አየሩ ቆላ ይሆናል፤ እላይ ግን በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ኮሊየስ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይጎዳል፣ ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል። ስለዚህ በደጋ ዋናው ነገር ተክሉ የሚያድርበት ቦታ ነው። ቀን በረንዳ ላይ ቢውልም ሲመሽ ወደ ቤት መግባት አለበት።

የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያደበዝዛል። በክረምት ደመና ብርሃን ሲያንሰው ቀለሙ ይፈዛል፣ ግንዱም ይረዝማል፤ ያኔ ወደ መስኮት ማስጠጋት ይጠቅማል።

የምሥራቅ ጎጃም ዋልካ አፈር ለጤፍ የታወቀ ቢሆንም ብቻውን ለቤት ተክል አይመችም። ሲርስ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። መትከያው የተቆረጠ ጀሪካንም ቢሆን ሥሩ እንዳይበሰብስ ታቹ መበሳት አለበት። ውሃ የሚጠጣው የአፈሩ ላይኛው ክፍል ደረቅ ሲል ነው። ቅጠሉ በጥም ቢጠወልግ ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲያገኝ ይነሣል፤ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ከጠወለገ ግን ሥሩ ሳይበሰብስ አልቀረም።

ማባዛት

ከዘር የበቀለ ኮሊየስ የእናቱን ቀለም ላይዝ ይችላል። የተወደደውን ቀለም ለማቆየት ከቅርንጫፉ ጫፍ የጣት ርዝመት ያህል ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው በውሃ ብርጭቆ ይቀመጣል። በሞቀ ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ይህን ብርዱ ሳይገባ በመስከረም ማድረግ ጥሩ ነው፤ ዋናው ተክል ቢሞት እንኳ ምትክ ይኖራል። አበባው ሲያጎነቁል ቢቀጠፍ ጉልበቱ ወደ ቅጠል ይሄዳል። ድመትና ውሻ ከበሉት ሊያስታውካቸው ስለሚችል ከፍ ብሎ ይቀመጥ።